«ሰው አነሰን» ስንል ስንት ሰው ማለታችን ነው? የጎንደር በጀት ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ? አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይወሰናል። የየክፍሉ ጥያቄ ይሰበሰባል፣ ከተፈቀደው የበጀት ጣሪያ በላይ የሆነው ይቆረጣል፣ ምክር ቤት የሚደርሰው የተረፈው ነው። እኔ በከተማ አስተዳደር የዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጥያቄ ላኩልኝ ስላችሁ አብዛኛው ስለ ሠራተኛ ሆነ። ወደዚያው ልግባ።

ጋሼ፣ መዋቅሩ ላይ የሥራ መደቡ አለ፤ ሰው ግን አይቀጠርበትም። ለምን?

መደብ መኖሩና ለመደቡ በጀት መያዙ ለየቅል ናቸው። መዋቅር ሥራው ስንት ሰው እንደሚፈልግ ይናገራል። ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ በየዓመቱ ከሚጸድቀው በጀት ነው። ስለዚህ «ስንት ክፍት መደብ አለን?» ብለህ አታቁም። «ከክፍቶቹ ዘንድሮ ደመወዝ የተያዘለት ስንቱ ነው?» ብለህ ጨምር።

አንድ ጀማሪ ባለሙያ ለከተማው ስንት ያወጣል?

ከመስከረም 2018 ጀምሮ ባለው የደመወዝ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር ነው። በ12 ወር 138,000 ይሆናል። መንግሥት የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 15,180 ነው። ድምሩ 153,180 ብር። በበጀቱ የሂሳብ መደቦች ደመወዙ በቁጥር 6111፣ ጡረታው በ6131 ይያዛል። ወንበርና ኮምፒዩተር ከሌላ የሂሳብ መደብ ይወጣሉ፤ እሱን የሚረሳ ክፍል ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሰውየው ታኅሣሥ 1 ቢገባ ዘንድሮ የሚያስፈልገው የ7 ወር ብቻ ነው፤ 89,355 ብር። ርካሽ ይመስላል። ለከርሞ ግን ሙሉው 153,180 ይመጣል። 10 ሰው በዚህ መንገድ ከገባ፣ አንድም አዲስ ሰው ሳይቀጠር የከርሞ ደመወዝ ከ638,000 ብር በላይ ይጨምራል። የዘንድሮውን ብቻ ይዞ የሚመጣ ኃላፊ ሲያጋጥማችሁ የከርሞውን ጠይቁት።

እኔ ጥበቃ ነኝ። ለአንድ በር 3 ሰው ይበቃል ይሉናል። እውነት ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። ሂሳቡን እንሥራው። ሌት ተቀን የሚጠበቅ በር በሳምንት 168 ሰዓት ሰው ይፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 አይበልጥም። 3 ሰው ማለት 117 ሰዓት ነው። 51 ሰዓት ባዶ ይቀራል። ያን 51 ሰዓት ማን እየሸፈነው ነው? እናንተው፣ ከእንቅልፋችሁ ቀንሳችሁ።

168ን ለ39 ብታካፍለው 4.3 ይመጣል። የዓመት ፈቃድ ከ20 የሥራ ቀን ይጀምራል። ሕመም አለ፣ በዓል አለ። ሴት ጥበቃ ስትወልድ የ120 ቀን ፈቃድ አላት። ይህ ሁሉ ሲገባ ለአንድ በር 5 ሰው ነው። እሳት አደጋም ያው ነው። በመኪናው ላይ ሁልጊዜ 4 ሰው ይኑር ከተባለ፣ የሚቀጠረው 20 ነው። ከፒያሳ አዘዞ ድረስ ለሚሄድ ከተማ ይህን ቁጥር ሸራርፎ ማቅረብ እኔን ያስፈራኛል።

ከክልል የሚመጣው ድጎማ ለምን ለጽዳትና ለመንገድ መብራት ሠራተኛ አይከፈልም?

የከተማ ኪስ ሁለት ስለሆነ። ትምህርትና ጤናን የመሰሉት የመንግሥት አገልግሎቶች በክልሉ ድጎማና በግብር ይሠራሉ። ጽዳት፣ የውስጥ መንገድ፣ መብራት፣ ቄራ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ናቸው። የእነሱ ገንዘብ ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ኪራይ፣ ሊዝና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ገቢው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጎዳው መጥረጊያ የያዘው ሰው ነው።

በኮሪደር ልማቱ መንገዱ አምሯል። ከዚህ በኋላስ?

ከዚህ በኋላማ ሰው ይፈልጋል። ዛፉን የሚያጠጣ፣ መብራቱን የሚቀይር፣ የተነቀለውን ንጣፍ የሚመልስ። ግንባታው በካፒታል በጀት አንዴ ያልቃል፤ እንክብካቤው በመደበኛ በጀት ዓመት ዓመት ይቀጥላል። እኔ ብሆን ፕሮጀክት ሲጸድቅ የእንክብካቤ ሠራተኛው ቁጥር አብሮ ካልቀረበ አልፈርምም።

ከካፒታል ቀንሶ ደመወዝ መክፈል አይቻልም?

አይቻልም። ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዞር ክልክል ነው።

ለጥምቀት ቋሚ ጽዳት ሠራተኛ ይጨመር የሚል ሐሳብ አለ። ምን ይላሉ?

አልስማማም። ታቦታቱ ጥር 10 ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ የከተማው ሕዝብ ስንት እጥፍ እንደሚሆን ሁላችንም እናየዋለን። ጫናው ግን የጥቂት ቀናት ነው። በቀን ሠራተኛ ሂሳብ ቀድሞ ይያዝ። የሚያሳዝነው በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ እንደ ድንገተኛ ነገር ሲጠየቅ ነው። ጥምቀት ቀኑ ይታወቃል እኮ!

እኔ በኮንትራት 6 ዓመቴ። በየዓመቱ ይታደስልኛል። ሥራው አላቆመም።

እህቴ፣ ይህ ያመኛል። በመርሁ ጊዜያዊ ቅጥር ቋሚ ላልሆነ ሥራ ነው፤ ለቋሚ ሥራ የሚሆነው ሁኔታው ሲያስገድድ ነው። 6 ዓመት ያልቆመ ሥራ ቋሚ ነው። ቋሚ መሆን ያለ ውድድር አይመጣም። መደቡ ግን እንዲከፈትና በጀት እንዲያዝለት የክፍልሽ ኃላፊ በጽሑፍ ይጠይቅ። የ6 ዓመቱ ውል ራሱ ማስረጃ ነው።

ነገ ሰው ይጨመርልን ልል ወደ ኃላፊዬ እገባለሁ። ምን ይዤ ልግባ?

አንድ ገጽ ይበቃሻል። ባለፉት 3 ወራት ስንት ባለጉዳይ መጣ? አንዱ ጉዳይ ስንት ሰዓት ወሰደ? ስንቱ ቀን አለፈበት? ከጎናችሁ ባለው ክፍል ሥራ የቀለለው ሠራተኛ ካለ መጀመሪያ እሱ ይዛወር በይ፤ ይህን ያልሽ ቀን ቀሪው ጥያቄሽ ይከበራል። ሰው ካልተጨመረ የትኛው አገልግሎት እንደሚቆም በስሙ ጻፊው። ከመግባትሽ በፊት ደግሞ ሂሳቡን ከፋይናንስ ባለሙያው ጋር አመሳክሪ፤ ስብሰባ ላይ የ1 ወር ደመወዝ ስህተት ከተገኘ የቀረውን የሚሰማሽ የለም።