ሽሮ እየበላሁ ብረት መግፋት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 26 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዳማ ነው። ጂም ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት 68 ኪሎ ነበርኩ፤ ቤንች ላይ ተንጋልዬ 70 ኪሎ አምስት ጊዜ እገፋ ነበር። አሁን ጾሙ ተጋምሷል። 64 ኪሎ ገብቻለሁ፣ ቤንች ላይ 60ውም ከብዶኛል። የምሠራው ከሥራ በፊት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። የምበላው 9 ሰዓት ላይ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ያንኑ ወይም ምስር ወጥ፣ ከዚያ ሻይ በዳቦ። የጂም ጓደኞቼ «ወይ ጾሙን ተው፣ ወይ የፕሮቲን ፓውደር ግዛ» ይሉኛል። አንዱማ ከፋሲካ በኋላ በየቀኑ ስድስት ጥሬ እንቁላል እየጠጣህ ታካክሰዋለህ ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ብረቱን ተው ባይ ናት። ምን ይመክሩኛል? ልጅዎ እሆናለሁና በአንተ ያናግሩኝ።

መልስ፦ እሺ፣ በአንተ።

ከአራቱ ኪሎ ልጀምር፤ ያስደነገጠህ እሱ ይመስለኛል። የጠፋው ሁሉ ጡንቻ አይደለም። ጡንቻና ጉበት ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ስንቅ አለ። እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ሲያንስ ስንቁ ይመናመናል፣ ውኃውም አብሮት ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ያየኸው ቶሎ መውረድ ባመዛኙ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሄደው ስብ ነው፣ ጥቂት ጡንቻም አለበት። ቤንቹ የከበደህ በከፊል ስንቅህ ባዶ ስለሆነ ነው። በልተህ የምታስመልሰው ነገር ነው።

ሰዓትህ ግን አልወደድኩልህም። ጠዋት 1 ሰዓት ብረት ትገፋለህ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። ብረት ስትገፋ ጡንቻ ውስጥ ማፍረሱም መገንባቱም አብረው ይፋጠናሉ። ምግብ ካልገባ የሚፈርሰው ከሚገነባው እንደበለጠ ይቆያል። አንተ በየጂምህ ቀን ለስምንት ሰዓት ያህል እዚያ ላይ ትቆያለህ ማለት ነው። ጂም ውስጥ «በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ፕሮቲን ካልጠጣህ ከንቱ ነው» የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ጡንቻው አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ምግብ ለመቀበል ዝግጁ ነው። ሠላሳ ደቂቃና ስምንት ሰዓት ግን አንድ አይደሉም። በጾም ወቅት ሥራህ ከፈቀደልህ ወደ ማታ አዙረው፦ 9 ሰዓት በልተህ፣ 11 ሰዓት ተኩል ጂም ገብተህ፣ ማታ ደግሞ መብላት።

አሁን ወደ ሳህኑ እንምጣ። ጥያቄህን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። (ባለቤቴ ሐኪሙ ምን ነካው ብላለች።) አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት ሞላ አድርጌ ስመዝን 15 ግራም ገደማ ሆነ። ፈሰስ ያለ ሽሮ ከሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሁለት ማንኪያ ዱቄት ቢሆን ነው። የሽሮ ዱቄት ከመቶ 20 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ አንድ ሳህን ሽሮ ስትበላ የምታገኘው ፕሮቲን 6 ግራም ነው። ሳህኑ ሞልቷል፤ የሞላው ግን ውኃና ዘይት ነው። በቀን የምትበላው ሁለት እንጀራ 20 ግራም ያህል ይጨምርልሃል። ምስሩን 10፣ ዳቦውን 8 በልልኝ። ተደምሮ 45 ግራም ቢደርስ ነው።

ብረት የማይነካ ጤነኛ አዋቂ ሰው እንኳ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ለ68 ኪሎ ይህ 54 ግራም ነው። አንተ ብረት እየገፋህ ከዚያም በታች ነህ። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ጥሩው መጠን በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ነው፤ ላንተ 109 ግራም ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ብትል፣ በ2018 ተመራማሪዎች 49 ጥናቶችን ሰብስበው ነበር፤ ከ1,800 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው። ከ1.6 በላይ የጨመሩት በአማካይ የተለየ ጥቅም አላገኙም። ሌላም ነገር ተገኝቷል፣ ፓውደር ሻጩ የማይነግርህ። እኩል ብረት እየገፉ ፕሮቲን የጨመሩት ካልጨመሩት የበለጡት በጡንቻ 300 ግራም ያህል፣ አንዴ በሚያነሱት ትልቁ ክብደት ደግሞ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ብረቱ ነው። ፕሮቲን ከበቂ በታች ሲሆን ይጎዳል፤ ከበቂ በላይ ሲሆን ግን ያው ነው።

«የጾም ምግብ ጡንቻ አይሠራም» የሚሉህ ጓደኞችህስ? በ2021 ብራዚል ውስጥ 38 ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንት ተፈትነዋል። ግማሾቹ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የማይነኩ ነበሩ፤ ግማሾቹ ሁሉን የሚበሉ። ሁለቱም ወገኖች ፕሮቲናቸው በኪሎ 1.6 እንዲሞላ ተደረገ፣ የማይነኩት በአኩሪ አተር ፓውደር፣ የሚበሉት በወተት ፓውደር። በመጨረሻ የእግር ጡንቻቸውም ጉልበታቸውም እኩል ነበር የጨመረው። ስለዚህ ጾሙን አታማው። ያጠረህ መጠን ነው።

የጾም ቀን ምን ሊመስል ይችላል? እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። 9 ሰዓት ላይ እንጀራ በወፍራም ሽሮ፣ ተጋቢኖ ዓይነት፣ ዱቄቱ አምስት ማንኪያ ይሁን። ይህ ብቻውን ከእንጀራው ጋር 25 ግራም ነው። ጂም ከመግባትህ በፊት ሙዝና ቡና፤ ቡና ለብረትም ይረዳል። ከጂም ስትወጣ አንድ ትልቅ እፍኝ የሽምብራ ቆሎና አንድ እፍኝ ለውዝ፣ 17 ግራም ያህል። ማታ ፉል በሁለት ዳቦ፣ 25 ግራም ገደማ ይሆናል። ከመተኛትህ በፊት በሶ ጠጣ፤ ሁለት ማንኪያ የአኩሪ አተር ዱቄት ጨምርበት። እሱም 20 ይሰጥሃል። ይኸው 90 ደረስክ። 109 አልሞላም፣ ግን ከምትበላው እጥፍ ነው፤ ልዩነቱን ብረቱ ላይ ታየዋለህ። አኩሪ አተሩ ሳይፈጭ በፊት በደንብ ይቆላ። ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውክ ነገር አለው።

እንጀራን ከሽሮ፣ በሶን ከአኩሪ አተር ማጣመሬ ለጣዕም ብቻ አይደለም። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ እሱን አለው፣ በፋንታው ሌላ ይጎድለዋል። አብረው ሲበሉ ይሟላሉ። የግድ በአንድ ማዕድ ይሁን አልልም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከተገናኙ በቂ ነው።

ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ። እዚያ ክርክር ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ አልገባምም።

ልምምዱንም ለጊዜው ቀለል አድርገው። ጾሙ እስኪያልቅ ሪከርድ አትሞክር። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ክብደቱን ሳይሆን የዙሩን ቁጥር ቀንስ፤ አምስት ዙር የነበረውን ሦስት አድርገው። ጡንቻ ለመጨመር ከሚጠይቀው ሥራ፣ ያለውን ለመያዝ የሚጠይቀው በጣም ያንሳል።

ፓውደር ከገዛህ መድኃኒት ነው ብለህ አትግዛ። ምግብ ነው። አንድ መለኪያው ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፣ አራት እንቁላል ማለት ነው። ዌይ የሚባለው ከወተት ስለሚሠራ ለጾም አይሆንህም፤ የአኩሪ አተር ወይም የአተሩን ፈልግ። ማሸጊያው የተከፈተ፣ ቀኑ የማይነበብ፣ ጂም ውስጥ በላስቲክ እየተመዘነ የሚሸጥ ከሆነ ገንዘብህን ለሽምብራ አውለው። «በመርፌ ነው ቶሎ የሚመጣው» የሚልህ ካለ ደግሞ እዚያው ትተኸው ውጣ። ያ መርፌ ከውጭ የሚገባ የወንድ ሆርሞን ነው። ሰውነት ከውጭ ሲሰጡት የራሱን ማምረት ያቆማል፣ የዘር ፍሬ ማፍራትም አብሮ ይቆማል። ልጅ አልወልድ ብሏቸው ሲመረመሩ ሰበቡ ይኸው ሆኖ የተገኘባቸው ወጣቶች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የጥሬ እንቁላሉን ነገር የመከረህን ልጅ በእኔ ስም ሳቅበት። ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ከጥሬው 50 በመቶ ያህሉን ብቻ። ስድስት ጥሬ ከመጠጣት አራት ቀቅሎ መብላት ይሻላል፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያም አያሰጋህም። ፋሲካ ሲመጣ ቁርጥ ጡንቻ ያወጣል የሚልህም አይጠፋም። በፕሮቲን ጥሬው ከጥብሱ አይበልጥም፤ ኮሶ ግን የሚገኘው ከጥሬው ነው።

አንድ ነገር ግን አልቃወምህም፣ ክሪያቲንን፤ ጡንቻ ለአጭርና ለከባድ ሥራ ጉልበት የሚያገኝበት ንጥረ ነገር ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ከምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ የሚጾም ሰው ጡንቻ ውስጥ ያንሳል፤ ስለዚህ አንተን የበለጠ ሊረዳህ ይችላል። የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ የሚቀመም ነው፣ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። ሚዛንህ አንድ ኪሎ ቢጨምር አትደነቅ፣ ጡንቻ ውስጥ የገባ ውኃ ነው። የኩላሊት ምርመራ ካደረግህ ለሐኪሙ እየወሰድኩ ነው በለው። ክሪያቲኒን የሚባለው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላልና ያልታመመ ኩላሊት ታሟል እንዳይሉህ።

ኩላሊትን ካነሳን፣ በዚህ መጠን የሚወሰድ ፕሮቲን ጤነኛ ኩላሊት አይጎዳም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብህ፣ ወይም ቤተሰብህ ውስጥ የኩላሊት በሽታ ካለ ግን ከመጀመርህ በፊት ደምና ሽንትህን ተመርመር። ቀላል ምርመራ ነው፣ ብዙ ቦታ ይሠራል።

የመጨረሻው ለእናትህም ነው፤ ለዚህ ትሰማኛለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሽሮ በእጥፍ ልትበላ ነው፣ ስለዚህ ከምን እንደተፈጨ ማወቅ አለብህ። ጓያ በፕሮቲን ከሽምብራ ይበልጣል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ፕሮቲን ቆጣሪ ሰው ቁጥሩን ብቻ ቢያይ ይመርጠው ይሆናል። ግን በየቀኑ፣ በብዛት፣ ለወራት ከተበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ሽባ ካደረገ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ተፈጭቶ፣ በርበሬና ቅመም ገብቶበት ሲሸጥ በዓይንም በምላስም አትለየውም። እናትህ ሽምብራውን፣ አተሩን ወይም ባቄላውን ራሷ ለቅማና ቆልታ የምታስፈጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ከገበያ ዱቄቱን የምትገዛ ከሆነ፣ የዚህን ወር ጥራጥሬውን ገዝታችሁ ወፍጮ ቤት ውሰዱት። ተሸካሚው አንተ ትሆናለህ፤ 20 ኪሎ ሽምብራ እስከ ወፍጮ ቤት መሸከም ራሱ ስፖርት ነው።