ከውድድር የወጣ ግሬይሃውንድ ሆዱ ሲያስቸግር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ አሜሪካ ከሚኖሩ፣ ከሩጫ ውድድር የተገለለ ግሬይሃውንድ በማደጎ ከወሰዱ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። መጠን የሚጠቀሰው 30 ኪሎ ለሚመዝን ጎልማሳ ውሻ ነው፤ የእናንተው ከዚያ ካነሰ ቀንሱ፣ ከበለጠ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ከመጣ ሳምንቱ ነው። የማደጎ ማኅበሩ የሰጠንን ምግብ ትተን ውድ የተባለውን ገዛንለት፤ ከዚያ ወዲህ ተቅማጡ አልቆመም። ምግቡ አልተስማማውም ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አይታወቅም። በውድድር ማደሪያ ያለ ውሻ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው የሚበላው፤ አሜሪካ ውስጥ በብዛት ጥሬ የበሬ ሥጋ ከደረቅ የውሻ ምግብ ጋር ተለውሶ ይሰጠዋል። አንጀቱ የለመደው ያንን ነው። ቤቱም ሰዉም አዲስ በሆነበት ሳምንት ምግቡም በአንድ ቀን ሲቀየር ሆዱ ይላላል። ወደ ማኅበሩ ምግብ መልሱት። ሰገራው ሦስት ቀን በተከታታይ ቅርጽ ይዞ ከወጣ በኋላ አዲሱን ጀምሩ። በቀን 4 ኩባያ የሚበላ ከሆነ ለሦስት ቀን 1 አዲስ ከ3 አሮጌ፣ ለሦስት ቀን ሁለት በሁለት፣ ለሦስት ቀን 3 አዲስ ከ1 አሮጌ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አዲሱን። መሐል ላይ ከላላ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለሱና ሁለት ቀን ጠብቁ። በእነዚህ ቀናት ብስኩት፣ ማኘኪያ፣ የዓሣ ዘይት የሚባል ነገር የለም። ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ የትኛው እንደረበሸው መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓይነት ምግብ ቀያየርን፣ ለውጥ የለም። አራተኛ የትኛውን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ አራተኛ አትግዙ። ሰገራውን አስመርምሩ። «የትል መድኃኒት ወስዷል» የሚል ወረቀት ይዞ መምጣቱ ዋስትና አይሆንም። ከአሜሪካ ውድድር በወጡ ግሬይሃውንዶች ላይ የሚገኘው የመንጠቆ ትል (አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል) የተለመዱትን መድኃኒቶች፣ ማለትም ፌንቤንዳዞልን፣ ፓይራንቴልንና ሚልቤማይሲንን መቋቋሙ በጥናት የታወቀ ነው። ስለዚህ «ትል አለ ወይስ የለም» ብቻ አይበቃም፤ እንቁላሉ ይቆጠር። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ቀን አንድ ናሙና፣ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ሌላ ናሙና ውሰዱ። ቁጥሩ በብዙ ካልወረደ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው፤ ያንኑ ደጋግሞ መስጠት ድካም ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። የትሉ እጭ ጡንቻ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና አንጀቱ ሲጸዳለት ተመልሶ ይገባል። ነጻ ነው የተባለ ውሻ ከሳምንታት በኋላ እንደገና እንቁላል የሚያሳየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተለመደው አልሠራ ሲል ለድመት የተፈቀደውን፣ ኢሞዴፕሳይድ ያለበትን መድኃኒት የሚያዙ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ግን ከዚያ በፊት የልብ ትል ምርመራ ግዴታ ነውና በራስ እጅ የሚሞከር አይደለም። ግቢው ውስጥ የጣለውን በዕለቱ አንሱ። እጩ በሰው ቆዳም ስለሚገባ ልጆች በባዶ እግር አይሩጡበት። በዚያው አጋጣሚ የጃርዲያ (በዓይን የማትታይ የአንጀት ጥገኛ) ምርመራም ጠይቁ፤ በተለመደው የትል ምርመራ ብዙ ጊዜ ያመልጣል።

ጥያቄ፦ ሩዝና ዶሮ ስጡት ተባልን። በምን ልክ?

መልስ፦ ለአንድ ቀን፦ ቆዳውና ስቡ የወጣለት የዶሮ ደረት፣ ተቀቅሎ 200 ግራም፤ ነጭ ሩዝ፣ ውሃ በዝቶበት እስኪለሰልስ ተቀቅሎ 430 ግራም ያህል። ጨው፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት የለበትም፤ መረቁ ላይ የሚንሳፈፈው ስብም ይገፈፍ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ስጡት። ጠቅላላው ወደ 900 ካሎሪ ነው፤ ለእረፍት ይበቃል እንጂ አያወፍርም። ካልሲየምና ሌላም ስለሚጎድለው ሁለት ሦስት ቀን ሰጥታችሁ ቀስ በቀስ ወደ ደረቁ ምግብ መልሱት። የተቀቀለ ዱባ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢጨመርበት ይረዳል። የታሸገ ዱባ ከገዛችሁ ለፓይ የተቀመመው እንዳይሆን። ውሃ ምንጊዜም አይከልከል።

ሰገራው የቀይ ማርማላታ ዓይነት ደም ከሆነ፣ ከተቅማጡ ጋር ካስመለሰው ወይም ድዱ ከነጣ ሩዝ ቀቅሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ።

ጥያቄ፦ ከረጢቱ ላይ በቀን 5 ኩባያ ይላል። እንደዚያ ይብላ?

መልስ፦ ብዙ ነው። 30 ኪሎ ውሻ ያለ እንቅስቃሴ የሚያቃጥለው 900 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የዕለት እንቅስቃሴው ታስቦ ይህ በ1.6 ሲባዛ 1,400 አካባቢ ይመጣል። አንዱ ኩባያ 375 ካሎሪ ከያዘ 4 ኩባያ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ከረጢቱ ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። በኩባያ ሲለካ እጅ ስለሚበዛ የወጥ ቤት ሚዛን ይሻላል። ከልክ በላይ መመገብ ራሱ ሰገራ ያላላል፤ ይህን የሚጠረጥር ሰው ግን ጥቂት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጎድኖች በስሱ ቢታዩ አትደንግጡ፤ ለዚህ ዘር ደህና ሁኔታ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን እንግዳ አይጠፋም። ከወጡ ትንሽ ቢቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ተቀቅለውም ቢሆን። ቅቤውና በርበሬው በዚያ ላይ ሲጨመሩ ሆዱ ለቀናት ይረበሻል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከጥሬ ሥጋ ላይ የተቆረጠ ጮማ መወርወርም በዓል በመጣ ቁጥር የሚደጋገም ስህተት ነው፤ ቆሽቱን ሊያስቆጣ ይችላል። እንግዳው «ትንሽ ናት» እያለ አንዳንድ ጉርሻ ሲያቀብለው አምስት እንግዳ አምስት ጉርሻ ነው። የሚሰጥ ነገር ካማራችሁ የራሱን ደረቅ ምግብ በሳህን አስቀምጡላቸውና ከዚያ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ቢጫ አረፋ ያስመልሰዋል፤ ሌላ ጊዜ ደህና ነው።

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ሆዱ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሲያድር የሚመጣ ሐሞት ነው። ከእራቱ ሩብ ኩባያ ቀንሳችሁ ልትተኙ ስትሉ ስጡት። ለዚህም ካልሰማ ወይም ምግብ ከጠላ ይታይ።

ጥያቄ፦ በተቅማጡ ምክንያት ደም ተመርምሮ ሄማቶክሪቱ (ከደሙ የቀይ ደም ሴል ድርሻ በመቶኛ) 60፣ ክሬአቲኒኑ (የኩላሊት ሥራ መለኪያው) ከፍ ያለ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑ ዝቅ ያለ ነው ተባልን። ሦስት በሽታ አለበት?

መልስ፦ አንድም ላይኖርበት ይችላል። ለሌላ ውሻ 60 የሆነ ሄማቶክሪት ውሃ ማጠርን ያሳያል፤ ለጤነኛ ግሬይሃውንድ ግን የተለመደ ነው። ክሬአቲኒኑ ከጡንቻው ብዛት ይመጣል፣ የታይሮይድ ሆርሞኑም በዘሩ ዝቅ ይላል፤ ፕሌትሌቱም (ደም የሚያረጋው ሴል) እንዲሁ። ለግሬይሃውንድ ከተዘጋጀ መለኪያ ጋር እንዲያስተያዩት ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁ። የኩላሊቱ ነገር ካሳሰበ የሽንት ምርመራ ይታከልበት። የውሃ እጥረቱን ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ የድዱ መድረቅ ይናገራል።

ጥያቄ፦ እህል የሌለበት ምግብ ለሆድ ይሻላል ይባላል።

መልስ፦ ለአብዛኞቹ አይሻልም። በእህሉ ቦታ አተርና ምስር ይገባበታል፤ ያ ራሱ ጋዝ ያበዛል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እነዚህ ምግቦች ከልብ ጡንቻ ሕመም ጋር ይያያዙ እንደሆነ ምርመራ መጀመሩን እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል። ሩዝ ያለበት፣ ስቡ ከ10 እስከ 14 በመቶ የሆነ፣ የሥጋው ምንጭ አንድ ብቻ የሆነ ምግብ ከሁሉ በፊት ይሞከር።

ጥያቄ፦ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨርሰው። ሳህኑን ከፍ ብናደርግለት?

መልስ፦ ከፍታው አይረዳም። ደረተ ጥልቅ ውሻ ስለሆነ የሚያሰጋው የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። ምግቡን ለሁለት ለሦስት ክፈሉት፣ መሐሉ ወጣ ገባ ባለ ሳህን አቅርቡለት፣ ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት አይሩጥ። ሆዱ ተወጥሮ፣ ምንም ሳይወጣው የሚያቅለሸልሸው ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ድንገተኛ ሕክምና ይድረስ።

ጥያቄ፦ በእግር ጉዞ ላይ መጀመሪያ የሚጥለው ጠንካራ ነው፤ ሁለተኛው ለስላሳ፣ ሦስተኛው ፈሳሽ። በየትኛው እንፍረድ?

መልስ፦ በመጀመሪያው። ሲራመድና ሲደሰት አንጀቱ ገና ያልደረቀውን ጭምር ይገፋል። የመጀመሪያው ቅርጽ ይዞ በከረጢት ሲነሳ ሣሩ ላይ እድፍ ካልተወ ምግቡን አትንኩት። የመጀመሪያው ራሱ ለስላሳ ሆኖ ንፍጥ ከተቀባ፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እያማጠ ከጣለ፣ ችግሩ ታችኛው አንጀት ላይ ነው። በዛ ብሎ ቀጭን ከወጣና ክብደቱ ከቀነሰ ደግሞ ላይኛው ላይ ነው። ለሐኪሙ ይህንን ልዩነት ንገሩ፤ ናሙናውንም ከመጀመሪያው ቁልል ውሰዱ።