ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት ጨዋታን በጭብጥ ማቀድ፦ ጥያቄና መልስ

ጨዋታን በጭብጥ ማቀድ ማለት የልጁን ጨዋታዎች ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ነገር፣ ለምሳሌ በውሃ፣ ዙሪያ ማዘጋጀት ነው። ወላጆችና ሞግዚቶች ካቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ከነመልሳቸው አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወር ሆኗታል። ጭብጥ የምመርጠው ከምን ተነሥቼ ነው? በየሳምንቱስ ልቀይረው?

መልስ፦ ልጅዎ በየቀኑ ከምታየውና ከምትነካው ነገር ይነሡ። ውሃ፣ እንጀራ፣ ዶሮ ወይም ልብስ እያንዳንዱ ለብቻው በቂ ጭብጥ ነው፤ ጠፈርና ውቅያኖስ ግን በዚህ ዕድሜ ከሥዕልነት አያልፉም። ለመቀየርም አይቸኩሉ። አዋቂውን በሦስተኛው ቀን የሚያሰለቸውን ጨዋታ ሕፃን በራሱ መንገድ መሞከር የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ገና ያን ጊዜ ነውና፣ አንድ ጭብጥ ሁለት ሳምንት ቢቆይ፣ ፍላጎቷ ካልቀነሰም ቢራዘም እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ «ውሃ» የሚለውን ብንመርጥ ዕቅዱ ምን ይመስላል?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ውሃ ያለበት ሳፋ፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያና አንድ ጭልፋ ብቻ ያቅርቡ። ልጁ ይቀዳል፣ ይደፋል፣ መልሶ ይቀዳል፤ እርስዎም «ሞላ»፣ «ፈሰሰ»፣ «ባዶ ሆነ» እያሉ እጁ የሚሠራውን በቃል ይከተሉ። ከዚያ ወንፊት ይጨምሩ። ኩባያው የያዘውን ውሃ ወንፊቱ አልይዝ ሲል ልጁ ቆም ይላል፣ ወንፊቱን ከፍ አድርጎ ከሥሩ ያያል፣ መዳፉንም ከታች ይዘረጋል፤ በዚህ ጊዜ ለማስረዳት ከመጣደፍ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል። በሁለተኛው ሳምንት ብርቱካን ሲንሳፈፍ ማንኪያ ሲሰጥም ይይ፤ የአሻንጉሊቱን ልብስ ይጠብ፣ አትክልት ያጠጣ። ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃም ሊሰጥም ስለሚችል ለስልክ እንኳ ብለው ከአጠገቡ አይራቁ፤ ጨዋታው እንዳበቃም ውሃውን ወዲያው ይድፉት።

ጥያቄ፦ በምሠራበት የሕፃናት መዋያ የ1 ዓመትና የ3 ዓመት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሁለት ዕቅድ ላውጣ?

መልስ፦ አያስፈልግም፤ ዕቃው አንድ ሆኖ የሚጠበቀው ይለያይ። «ገበያ» በሚል ጭብጥ ትንሹ ድንች ከዘንቢል ያውጣና ይክተት፣ ትልቁ ድንቹን ከሽንኩርቱ ይለይ። የሁለት ዓመት ልጆች አብረው ከመጫወት ይልቅ ጎን ለጎን መጫወት ስለሚቀናቸው፣ ተጋሩ እያሉ ከማስጨነቅ ተመሳሳይ ዘንቢሎችን አብዝቶ ማቅረብ ጠቡን ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ባቄላና ሽምብራ ማስለየትስ?

መልስ፦ ከ3 ዓመት በታች በፍጹም አልመክርም። ጥሬው ጉሮሮ ሊዘጋ፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ገብቶም በእርጥበት ሊያብጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስለ ጭብጡ ቪዲዮ ማሳየት ይጠቅማል?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ለ2 ዓመት ልጅም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል ተገልጿል። ይኸው መመሪያ በቀን ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንዲኖር ስለሚመክር፣ ጭብጡ «ዶሮ» ከሆነ ልጆቹ እንደ ዶሮ ይሩጡ፣ ይቀመጡ፣ ክንፋቸውን ያራግቡ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ነው፤ ልጃችን የሚውልበት መዋያ በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ የተለየ ጭብጥ እንያዝ?

መልስ፦ የመዋያውን ጭብጥ ጠይቃችሁ ያንኑ በአማርኛ ብትይዙት ይሻላል። እዚያ ስለ ምግብ እየተማረ ከሆነ እናንተ ዳቦ ስታቦኩ ከሊጡ ቆርሳችሁ ስጡትና «እሸው»፣ «ጠፍጥፈው»፣ «ድቡልቡል አድርገው» እያላችሁ አብራችሁት ሥሩ። የቃላት ዝርዝር ማስጠናት አይጠበቅባችሁም፤ ቃሉን የሚይዘው ሊጡ እጁ ላይ እያለ ሲሰማው ነው።