ለጋሹ የሰጠንን ገንዘብ የሴቶቹ ሣጥን ውስጥ እናስገባው ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው እንቅልፍ ስለነሳኝ ጠዋት ተነስቼ መጻፍ ጀመርኩ። ሃያ አምስት ሴቶች አደራጅታችሁ በየሳምንቱ መቆጠብ ከጀመራችሁ አራት ወር ሆኗችኋል። አንድ ለጋሽ ገንዘብ ፈቅዶላችኋል፤ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ሴቶቹ ቁጠባቸውን በሚያኖሩበት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተዘዋዋሪ ብድር (አንዷ ስትመልስ ለሌላዋ የሚሰጥ) ይሁን ወይስ ሌላ መንገድ አለ ነው ያልሽው። ብዙዎች "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቶሎ አከፋፍሉ" ብለውሻል። እኔ ግን እለምንሻለሁ፣ አታስገቡት። እኔ አስገብቼ ሃያ ሁለት ሴቶች ስምንት ወር የለፉበትን በሦስት ወር ውስጥ በትኜዋለሁ።

ስለ ምዝገባና ስለ መተዳደሪያ ደንብ አልነግርሽም፤ እዚህ ከደረሳችሁ ያንን አልፋችሁታል።

1. የሣጥኑ ገንዘብ የማን እንደሆነ አባላቱ መቼም መጠራጠር የለባቸውም። ይህ የቁጠባና ብድር ቡድን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ በሚባለው አካባቢ፣ ኬር የተባለው ዓለም አቀፍ የተራድኦ ድርጅት ከገጠር ሴቶች ጋር ሲጀምረው መሠረቱ የአባላቱ የራሳቸው ቁጠባ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከ15 እስከ 25 ሰዎች ያዋጣሉ፣ ካዋጡት ይበደራሉ፣ ወለዱ ለራሳቸው ይቀራል፣ ዓመት ገደማ ሲሞላ እያንዳንዷ በቁጠባዋ ልክ ድርሻዋን ትወስዳለች፣ ከዚያ እንደገና ይጀመራል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስቱም በተለያዩ አባላት እጅ ነው። ይህን ሁሉ ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀው ነበር። ሦስት ቁልፍ ሌባን ይመልሳል፤ እኔ ግን ገንዘቡን ያስገባሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ቁልፍ ያዦቹ ቆመው እያጨበጨቡልኝ ነው።

እኛ ዘንድ ስብሰባ ሲጀመር መዝገብ ከመገለጡ በፊት ሰብሳቢዋ "ስንት ነበር?" ትላለች። ሁሉም ያለፈውን ሳምንት ቀሪ በቃላቸው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሣጥኑ የሚከፈተው። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶች ሳይቀሩ አንዲት ሳንቲም አይስቱም ነበር። ሁልጊዜ ፊት ለፊት የምትቀመጥ አንዲት እናት ነበረች። ገንዘቡ ሲቆጠር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ትቆጥራለች፤ ቆጣሪዋ አንዷን ኖት ከዘለለች እጇን ያዝ አድርጋ "ቆይ፣ ከዚያች ጀምሪ" ትላታለች። የለጋሹ ገንዘብ በገባ በሳምንቱ ሰብሳቢዋ "ስንት ነበር?" ስትል ቤቱ ጸጥ አለ። ያቺ እናት እንኳ ቀና ብላ ያየችው እኔን ነው፣ መልሱን ከእኔ ጠብቃ።

ያስገባሁት እነሱ ካጠራቀሙት አምስት እጥፍ ነበር። የመጀመሪያዋ ተበዳሪ የመክፈያ ቀኗ ሲደርስ ባዶ እጇን መጣችና "የድርጅቱ አይደል እንዴ፣ ድርጅት ምን ይቸግረዋል?" አለች። ክፋት አልነበረባትም፣ የተሰማትን ነው የተናገረችው። ከዚያ በፊት አንዷ ስትዘገይ በዚያው ምሽት ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው "ደህና ነሽ ወይ፣ ምን ገጠመሽ?" ይሏት ነበር፤ የጎረቤት ገንዘብ ነዋ። የድርጅትን ገንዘብ ማን ብሎ ማታ በር ያንኳኳል? በወሩ አምስት ሰዎች አቆሙ፣ በሁለተኛው ወር መክፈል የቀጠሉት ስድስት ብቻ ነበሩ። ቆጥበው የማያውቁ የሩቅ ዘመዶች ስማችንን መዝግቡ እያሉ መምጣት ጀመሩ።

እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን ይሄ አይደለም። ያቺ አብራ የምትቆጥረው እናት አንድ ቀን ስብሰባው ካለቀ በኋላ ጠበቀችኝና "የእኔን ብቻ ለይታችሁ ስጡኝ" አለችኝ። ልንለየው አልቻልንም። የእሷ ቁጠባ ከለጋሹ ጋር ተቀላቅሎ ተበድሯል፣ የተበደሩት ደግሞ አልመለሱም። ከደመወዜ እየቆረጥኩ በአራት ወር ከፍዬ ጨረስኩላት። ገንዘቧን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ መረቀችኝም፤ ወደ ቡድኑ ግን አልተመለሰችም።

2. ከለጋሹ ጋር የምትነጋገሩትን ሁሉ በጽሑፍ አድርጉት። እኔ የቸኮልኩት ልክ እንደ አንቺ በጀቱ ሊዘጋ ነው ተብዬ ነው። "ካልወጣ ይመለሳል" የሚለውን ቃል የሰማሁት በስልክ ነው፣ እኔም "ትንሽ ጊዜ ስጡን" ብዬ የለመንኩት በስልክ ነው፤ በኋላ ማስረጃ ሲፈለግ ከሁለቱም ወገን ወረቀት አልነበረም። ብዙ ለጋሾች ያለ ተጨማሪ በጀት የፕሮጀክት ጊዜ ያራዝማሉ። ጥያቄው ግን ስምምነቱ ከማለቁ በፊት፣ ከነምክንያቱና ከአዲስ የሥራ መርሐ ግብር ጋር በደብዳቤ መቅረብ አለበት። ለብድር የተያዘውን በጀት ወደ ሥልጠና ማዛወርም ቢሆን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል።

የዚያ ለጋሽ የሂሳብ ክፍል ያደረሰብኝን ሳልነግርሽ አላልፍም። ሰነዱን ይዤ ስሄድ አንድ ሰዓት ያህል በር ላይ አቁመውኝ ሲያበቁ፣ ኃላፊው አገላብጦ አየና ወደ እኔ ገፋው። ሰባት እናቶች የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። "ቅጹ ፊርማ ነው የሚለው፣ አሻራ አይልም" አለኝ። መጻፍ አይችሉም ስለው "እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ሁለት ቀን ተመላልሼ በምስክር አስፈርሜ አመጣሁ። ብድሩ ተመልሷል ወይ፣ ሴቶቹ እንዴት ናቸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ገንዘቡ መውጣቱና ሃያ ሁለት ፊርማ መኖሩ በቃቸው። ስለዚህ የማይፈርሙ አባላት ካሏችሁ አሻራ በሁለት ምስክር ተቀባይነት እንዳለው ከመጀመሪያው ስምምነቱ ውስጥ አስገቡ። ደግሞ ማንም ቢሆን እነዚያን እናቶች እንዲያ እንዲናገር አትፍቀጂ፤ እኔ ያን ቀን ዝም ማለቴ ይቆጨኛል።

3. ታዲያ ገንዘቡን ምን እናድርገው ትይኝ ይሆናል። አንድ ወንድም ለጥያቄሽ ሲመልስ፣ ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጠውን የግራሚን ባንክን ምሳሌ አምጥቶልሻል። የባንኩ መሥራች ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባንግላዴሽ ውስጥ ለ42 ሰዎች ከኪሱ 27 ዶላር ማበደሩ እውነት ነው። ያ ግን አበዳሪው ማን እንደሆነ የታወቀበት፣ በኋላም ሠራተኛ በየሳምንቱ እየሄደ የሚሰበስብበት ብድር ነው። በዚያ ላይ ብድር ብቻውን ሁሉን አይፈታም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አብረው የታተሙ በስድስት አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አነስተኛ ብድር ለአንዳንዱ ሰው አማራጭ ቢከፍትም የቤተሰብን ገቢ በአማካይ ያን ያህል እንዳልለወጠ ነው ያሳዩት።

ስጦታ መጥፎ ነው እያልኩሽም አይደለም። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረው ፕሮግራም እጅግ ድሃ ለሆኑት ከብት ወይም መነገጃ በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ለተወሰኑ ወራት የቀለብ ድጎማ ይጨምር፣ ቤት ለቤት እየሄደ ያማክር፣ ቁጠባም ያስጀምር ነበር። ይህ አካሄድ በስድስት አገሮች ሲፈተሽ ለውጡ ፕሮግራሙ ካበቃ ከዓመት በኋላም እንዳለ ነበር። እዚያ ግን ስጦታው ስጦታ ተብሎ ነው የተሰጠው። እኔ የተሰጠንን ገንዘብ ብድር ብዬ፣ ሌሎች በላባቸው ካጠራቀሙት ጋር ነው የቀላቀልኩት።

እኛ በሁለተኛው ዙር ከዘጠኝ ሴቶች ጋር ከባዶ ሣጥን ጀመርን። ከሌላ ለጋሽ ያገኘነውን ገንዘብ ለሂሳብ አያያዝ ሥልጠና፣ ለቁጠባ ደብተር፣ ለአንዲት አመቻች ደመወዝና ለሦስት የልብስ ስፌት መኪናዎች አዋልነው። መኪናዎቹ በቡድኑ ስም በቃለ ጉባኤ ተመዝግበው ማን በየትኛው ቀን እንደምትሠራባቸው ራሳቸው ወሰኑ። ዓመቱ ሞልቶ ሲካፈሉ ከሣጥኑ የጎደለ አልነበረም። አሁን አራተኛው ዙር ላይ ናቸው፣ አባላቱም ሃያ አንድ ደርሰዋል። እኔ ከሄድኩ ወራት አልፈዋል፣ ስብሰባው ግን አንድም ሳምንት አልቀረም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ በዚህ ነው የምኮራው።

እናንተ ገና አራት ወራችሁ ስለሆነ ቢያንስ የመጀመሪያውን ክፍፍል በራሳቸው ገንዘብ ይዩት። ስምምነቱን ፈርማችኋል ወይስ ገና ረቂቅ ነው? በጀቱስ የሚዘጋው መቼ ነው? በኋላ ላይ ለሌላ ለጋሽ የጻፍኩት የጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ እጄ ላይ አለ፣ ከፈለግሽው ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።