የመምህራን ጥያቄና መልስ ከድሬ፦ ፕሮጀክተሩስ መጣ፣ ከዚያስ?

ሰላም የድሬ መምህራን። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ተሙማ (የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) አስተባብራለሁ። ክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ስለመጠቀምና ስለ ስልጠናው ጠይቁኝ። ያው እንደ ድሬ ልማድ አንተና አንቺ እንባባል። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር፦ የምታሳዩትን ቀድማችሁ አውርዱ። ኢንተርኔት ተማምናችሁ ክፍል አትግቡ።

ሰላም (ሳቢያን)፦ በዓመት 60 ሰዓት ተሙማ ይጠበቅብናል። ስለ ቴክኖሎጂ ሲሆን ግን አዳራሽ ሰብስበው ፓወርፖይንት ያሳዩናል፣ አለቀ። ሰዓቱን ምን ላድርግበት?

መልስ፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። ስላይድ እያየ ማስተማር የለመደ ሰው የለም። አንድ ርዕስ ብቻ ምረጪ፣ ተማሪ በየዓመቱ የሚሳሳትበትን። እኔ ጋ ተከታታይ ሰርኪዩት ነው። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖል በተከታታይ ተያይዘው የትኛው የበለጠ ይበራል ስላቸው፣ ብዙዎቹ ለባትሪው የቀረበው ይሉኛል። የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን በልቶ ትርፍራፊውን ለሁለተኛው የሚልክ ይመስላቸዋል። በጠመኔ ስለሽ ብታሳዪያቸው ይገለብጡታል እንጂ አያምኑሽም። እዚህ ጋ ነው ፌት የሚባለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነጻ ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ ሙከራ) የሚያስፈልግሽ። ቶሎ ግን እንዳታበሪው! መጀመሪያ ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይከራከሩ፣ ከዚያ ማብሪያውን ንኪው። ሁለቱ እኩል ሲበሩ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። አሚተሩን (የከረንት መለኪያውን) ከመጀመሪያው አምፖል በፊት አድርጊ፣ ቀጥሎ ከሁለተኛው በኋላ። ቁጥሩ ያው ነው።

ስልጠናው እዚህ ጋ ይጀምራል። አንድ ባልደረባሽ ከኋላ ይቀመጥ። አንቺን ሳይሆን ልጆቹን ይይ፦ ማን ገመተ፣ ማን ከጎረቤቱ ገለበጠ፣ ማን ዝም አለ። ተነጋገሩበት፣ አስተካክዪው፣ በሌላው ሴክሽን ድገሚው። ዝግጅቱንም ምልከታውንም ውይይቱንም የተሙማ ማህደርሽ ላይ አስፍሪ። ሲሙሌሽኑ የሚወርድ ፋይል አለው፣ ብሮውዘር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ቀድመሽ አውርጂው።

ፉአድ፦ አቦ ሰርተፍኬት አለው ወይ?

መልስ፦ ጥያቄና መልስ ነው፣ የለውም። ቀጣይ።

የመጋላው፦ ቴክኖሎጂን እንዴት ነው ክፍል ውስጥ የምንጠቀመው?

መልስ፦ ይሄ ምግብ እንዴት ይሠራል ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ስንተኛ ክፍል? የትኛው ምዕራፍ? ምን ዕቃ አለህ?

የመጋላው፦ እሺ አትቆጣ። ሂሳብ፣ 9ኛ ክፍል፣ የቀጥታ መስመር ግራፍ። አንድ ላፕቶፕና ፕሮጀክተር።

መልስ፦ እንዲህ በለኛ! ጂኦጀብራ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ጫን፣ ነጻ ነው፣ ከጫንከው በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅህም። ስሎፑን በስላይደር አንቀሳቅስ። ኔጌቲቭ ከማድረግህ በፊት ቆም በልና መስመሩ ወዴት እንደሚዘነብል በእጃቸው ያሳዩህ።

ጋሽ አበራ፦ ልጄ፣ በ1997 የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባም እንዲሁ ነበር ያላችሁን። መምህሩ ቴሌቪዥን ከፋች ሆኖ ቀረ።

ሂንድ፦ ጋሼ፣ እኔ በፕላዝማ ነው የተማርኩት። ላብራቶሪ አልነበረንም፣ ሙከራ ያየሁት በሱ ነው።

ጋሽ አበራ፦ አየሽ፣ ግን ገባሽ? እንግሊዝኛው ይሮጥ ነበር። ጥያቄ ቢኖርሽ ማን ያቆምልሻል?

ፉአድ፦ መብራት ሲሄድ ይቆም ነበር 😂

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ከርዕሳችን ወጣን። የፕላዝማው ጣጣ በሳተላይት መምጣቱ ነው፣ መምህሩ ማቆምም መድገምም አይችልም። አሁን ቪዲዮው በእጃችሁ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት እንዳይደገም ነው ግምት ቀድሞ ይጻፍ የምለው። (አዎ፣ አንቱ አልኩ። ያስተማረኝን ሰው አንተ ማለት ለድሬም ይከብዳል።)

የባዮሎጂዋ፦ ኢንተርኔት የሌለው ትምህርት ቤትስ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ቀድማችሁ አውርዱ! ሰፋ ያለ ከፈለግሽ ኮሊብሪ የሚባል የትምህርት ፕሮግራም አለ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ትምህርቶቹን ትጭኛለሽ፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ወይም ታብሌቶች በዋይፋይ ከሱ ጋር ይገናኛሉ። ኢንተርኔቱ የሚያስፈልገው ስትጭኚ ብቻ ነው። ተማሪ ስልክ ያምጣ አያምጣ የሚለውን ከርዕሰ መምህርሽ ጋር ጨርሺ።

የኬሚስትሪው፦ ስልጠና ላይ ቲፓክ ቲፓክ ይሉናል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ሚሽራና ኮህለር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሐሳብ ነው። ትምህርቱን ማወቅ፣ ማስተማርን ማወቅ፣ መሣሪያውን ማወቅ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ነው የሚሠራው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሦስቱን ክቦች እያሳየ ግማሽ ቀን የሚበላ አሰልጣኝ ነው የሰለቸኝ።

ሰላም (ሳቢያን)፦ ፕሮጀክተራችን በሙቀቱ እየጠፋ አስቸገረን።

መልስ፦ የድሬ ግንቦት ነዋ! ማጣሪያውን ከፍተሽ እይው፣ አቧራ ጠጥቶ ይሆናል፣ ያኔ አየር አያስገባም። ማስወጫውን ግድግዳ ላይ አታስጠጊው። ጨርሰሽ ስታጠፊው ደግሞ ማራገቢያው እስኪቆም ሶኬቱን አትንቀይ፣ አምፖሉ የሚቃጠለው በዚህ ነው። መብራት ድንገት ከሄደ መልሰሽ ከማብራትሽ በፊት ይቀዝቅዝ።

ያሬድ፦ የትምህርት ዕቅድ በቻት ጂፒቲ ባሠራስ?

መልስ፦ አሠራ፣ ግን መስመር በመስመር አንብበው። ያላነበብከውን ይዘህ ክፍል አትግባ።

ፉአድ፦ እሺ ሰርተፍኬቱ ይቅር። ታይዋን ገበያ ወርጄ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ራም 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማከማቻ) ያለው። ያገለገለ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለህ ቪዲዮ ክፈትና ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እይ። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ እንዳለውም አረጋግጥ፣ አለዚያ ከፕሮጀክተሩ ጋር ለማገናኘት አዳፕተር ሊያስፈልግህ ይችላል። ዋጋውን ራስህ ተከራከር።