ለሐረጎ ዳገትና ለኩታበር ፒስታ የምትስማማ መኪና የትኛዋ ናት?

ከኮምቦልቻ የጻፉልን እህት ደሴ ከተማ ውስጥ በጤና ሙያ ያገለግላሉ። መኖሪያቸው ኮምቦልቻ በመሆኑ በሳምንት አምስት ቀን በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ከባለቤታቸውና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ኩታበርን አልፈው፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ፒስታ (አስፋልት ያልለበሰ መንገድ) ተጉዘው ወላጅ እናታቸውን ይጠይቃሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እኚህን እናት አንዳንድ ጊዜ ለሕክምና ይዘው ይመለሳሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ጤፍና ባቄላ ከገጠር ይመጣል። ባለቤታቸው «ደብል ጋቢና እንግዛ» ይላሉ፤ ወንድማቸው «ቪትዝ ይበቃሻል» ይላል፤ የእርሳቸው ልብ ደግሞ ወደ ራቭ ፎር ያደላል። «ለእኛ ኑሮ የሚስማማው የትኛው ዓይነት ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ አብሽሩ፤ ነገሩ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ወደ ጋራዤ መጥቶ «ምን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የማስደርገው ኪሎ ሜትር ማስቆጠር ነው፤ የእርስዎንም እንቁጠረው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ 500 ኪሎ ሜትር ይሞላል። የገጠሩ ጉዞ ደግሞ ከደሴ ኩታበር ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ገደማና ፒስታውን ጨምሮ በደርሶ መልስ 108 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከጠቅላላው 608 ኪሎ ሜትር ውስጥ ኮረኮንች የሆነው 18 ብቻ ነው፤ ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ባለቤትዎ ደብል ጋቢና የሚሉት ይህን ሦስት እጅ አስበው መሆን አለበት። እኔ እንደማየው ያ 18 ኪሎ ሜትር የሚወስነው መኪናዋ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለባት ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሚወስኑት ሐረጎና የቤተሰብዎ ቁጥር ናቸው።

በሐረጎ እንጀምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በደሴ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ካታሎጉ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ውስጥ በዚያው ልክ ያጣል። ቪትዝ እርስዎን ብቻዎን ይዞ ሲወጣ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ አምስት ሰው ከነጓዙ ሲሳፈር ግን ባለ 1 ሊትሩ ሞተር ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣ ይላል። ቁልቁለቱ ደግሞ በተቃራኒው ከባድ መኪናን ይፈትናል። ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ደብል ጋቢና ኩርባ በኩርባ ሲወርድ፣ አንድ ቶን ገደማ ከሚመዝን ትንሽ አውቶሞቢል እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት በፍሬኑ ላይ ይጥላል። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝለት ካላደረገ፣ በየቀኑ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ መቀየር የማይቀር ነው።

ደብል ጋቢናን አልጠላም፤ ለስድስት ዓመት ነድቼዋለሁ። ሆኖም የኋላው ባሌስትራ (ክብደቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት) የተሠራው አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ነው፤ ባዶውን ሲሆን ይደርቃል፣ ይዘላል፣ ክረምት አስፋልቱ ሲረጥብም የኋላ ጎማው በኩርባ ላይ ቀሎ መንሸራተት ይወዳል። የእኔው መኪና በእነዚያ ስድስት ዓመታት በጭነት ቦታው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተሸከመው የልጆቼን ኳስና የክረምት ውሃ ነበር። የኋላ ወንበሩ መደገፊያ ቀጥ ያለ ስለሆነ ልጆች በረጅም መንገድ ይሰለቹበታል። እናትዎ ደግሞ መወጣጫውን ረግጠው፣ እጀታ ጨብጠው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው መውጣት ይኖርባቸዋል። ርዝመቱ ከ5 ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ደሴ ላይ በጠዋት ማቆሚያ ሲፈልጉ 4 ሜትር እንኳ የማይሞላውን ቪትዝ መመኘትዎ አይቀርም።

ስለ ጤፉ የምለው አጭር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚመጣ እህል ዓመቱን ሙሉ የጭነት መኪና መንዳት አያዋጣም፤ በአይሱዙ ወይም በሚኒባስ ጭነው የሚከፍሉት ኪራይ ደብል ጋቢናው በትርፍ ከሚጠጣው ነዳጅ ጋር አይወዳደርም። ኩንታሉን በፖርቶመጋላ ላይ ለመጫንም አያስቡ። የአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ጣሪያ እንዲሸከም የሚፈቀደው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ነው፤ ክብደት ወደ ላይ ሲወጣም መኪናዋ በኩርባ ላይ ትወላገዳለች።

ከኋላ ለብቻው የሚዘጋ የዕቃ ኮፈን ያለው አውቶሞቢል፣ ኮሮላም ሆነ ዲዛየር፣ ለአስፋልቱ መልካም ነው፤ ዕቃው ለብቻው ስለሚቆለፍ የቅቤና የበርበሬ ሽታ ወደ ተሳፋሪ አይዘልቅም። ነገር ግን ቤተሰቡ ሁሉ ሲሳፈር ሆዱ ወደ መሬት ይወርድና በፒስታው መካከል ያለው ድንጋይ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ ይመታል። ኮፓው ተሰንጥቆ፣ ዘይቱ ማለቁ ሳይታወቅ በመነዳቱ ሞተሩ ነክሶ (ተጣብቆ) የቆመ መኪና በሰንሰለት ተጎትቶ ሲመጣ በየክረምቱ አያለሁ። ቪትዝም በዚህ በኩል ከኮሮላ ብዙ አይሻልም።

አሁን ያልጠየቁትን ልመልስ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ሦስት ልጆችዎና እናትዎ ሲደመሩ ስድስት ናችሁ። ደብል ጋቢናው፣ ቪትዙና በአገራችን በብዛት የሚታየው ራቭ ፎር የተሠሩት ለአምስት ሰው ነው፤ ስለዚህ ሦስታችሁም የተከራከራችሁት እናትዎ በሚመለሱበት ቀን አንድ ልጅ በጭን ላይ በሚያስቀምጥ መኪና ላይ ነው። በሐረጎ ቁልቁለት በጭን ላይ ያለ ልጅ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ከእጅ ያመልጣል። እኔ ለእርስዎ ኑሮ የምመርጠው ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ያላትን፣ ቁመተ መካከለኛና ባለ አምስት በር የቤተሰብ መኪና ነው፤ ቶዮታ ራሽና አቫንዛ፣ ከሱዙኪም ኤርቲጋ በዚህ ወገን ይመደባሉ። በአዘቦት ቀን የመጨረሻው ወንበር ይታጠፍና የዕቃ ቦታ ይሆናል፤ እናትዎ ሲመጡ ይዘረጋል። የወንበሯ ከፍታ ለጎልማሳ ዳሌ ስለሚቀርብ፣ እናትዎ ወደ ላይ ሳይንጠላጠሉ ወደ ታችም ሳይሰምጡ በመካከለኛው ረድፍ ይቀመጣሉ። ለፒስታው ከሦስቱ ራሽ ትሻላለች፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ከመሬት 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች።

ጉድለቷንም ልደብቅዎ አልፈልግም። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚተርፈው ቦታ ከሁለት ፌስታል በላይ አይይዝም፤ ቦታው ለልጅ እንጂ ለትልቅ ሰው አይመችም። ባለ 1.5 ሊትሩ ሞተርም ስድስት ሰው ይዞ ሐረጎን ሲወጣ ይደክማል፤ ማቀዝቀዣውን አጥፍተው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ ከኋላ የሚያጣድፍዎን ሚኒባስ አሳልፈው መውጣት ነው። ፍጥነት ለሚወድ ሰው ይህች መኪና አትሆንም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ የሚገዙት ቀድሞ የገባ ያገለገለ መኪና ወይም የኤሌክትሪክ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ የደሴ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ቁልቁለቱን ሲወርድም ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዕለት ምልልሱ እጅግ ይስማማል፤ ባትሪው ግን ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ስለሆነ፣ የኩታበሩ ድንጋይ ሲመታው ጉዳቱ ከኮፓ መሰንጠቅ የከፋ ወጪ ያስከትላል።

ያገለገለች መኪና ሲያዩ ወለሏን ከሥር ሳያዩ ዋጋ አይጥሩ። የኮፓው ሥር የተፈገፈገ ወይም በብየዳ የተጠገነ ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት የነዳበትን መንገድ ያሳይዎታል። ቤተሰብዎን ሁሉ አሳፍረው፣ ከዝቅተኛው ብረት እስከ መሬት ያለውን በስንዝር ይለኩ፤ አንድ ሙሉ ስንዝር ካልገባ ፒስታው ላይ ትቸገራለች። እናትዎንም ይዘው ይሂዱ፤ እርሳቸው ሁለት ጊዜ ይግቡ፣ ሁለት ጊዜ ይውረዱ፤ እርስዎ ፊታቸውን ይመልከቱ። ከዚያ ስድስታችሁም ተሳፍራችሁ ሐረጎን አንድ ጊዜ ውጡ፤ ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ባለቤትዎ ግን በልባቸው የያዙት ሌላ ነገር ሊኖር ይችላልና ይጠይቋቸው። በየሰኞው ባቲ ገበያ ወርደው እህልና ፍየል የመነገድ ሐሳብ ካላቸው፣ ከላይ ያሰላነው ኪሎ ሜትር ሁሉ ይለወጣል። ያኔ ለሥራው ነጠላ ጋቢና ፒክ አፕ ይበቃቸዋል፤ እርስዎም ወንድምዎ ያሉትን ቪትዝ ለብቻዎ ይነዳሉ።