ስንት ኪሎ ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ኮንሰርት ከሚያዘጋጁት ልጆች አንዱ ነው። ጎበዝ ነው፣ ሩጫ አይሰለቸውም። «ጋሼ፣ ስክሪኑን ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ብንሰቅለው ይችላል?» አለኝ። «ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት። «ኧረ ያን ያህል አይከብድም፣ ችግር የለም!» ስልኩን ዘጋሁና ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ለእሱ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ከመድረክ ጀርባ መሥራት ለምትፈልጉ፣ አንድ ቀን ከትልቅ ዘፋኝ ጋር ዓለምን እዞራለሁ ብላችሁ ለምታስቡ ሁሉ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ግድም ቆይቻለሁ። አዲስ አበባ ላይ ስፒከር ተሸክሜ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ሳውንድ ማን፣ ድምፁን የሚያስተካክል ሰው፣ ሆንኩ። ከዚያ አሜሪካ ሄጄ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ትልልቅ አዳራሾች በሰዓት እየተከፈለኝ መድረክ ስተክልና ስነቅል ኖርኩ። አሁን ወገቤ እምቢ ብሎኝ አገሬ ተመልሼ በስልክ እመክራለሁ።

አሜሪካ የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። አለቃዬ አንድ ትልቅ ጥቁር ሣጥን እያሳየ «ይሄ ስንት ይመዝናል?» አለኝ። እኔም በልበ ሙሉነት «ችግር የለም፣ ለሁለት እናነሳዋለን» አልኩት። አላነሳንም። «ሂድ ቁጭ በል» አለኝና ሌላ ሰው ጠራ። ቁጭ ብዬ ሳይ የሣጥኑ ጎን ላይ ክብደቱ በቀለም ተጽፏል። ፊት ለፊቴ ነበር፣ አላነበብኩትም። ያን ቀን በጣም ነበር ያፈርኩት።

ጧት 12 ሰዓት ላይ ባዶ አዳራሽ ገብታችሁ የምታውቁ አይመስለኝም። ቢቻላችሁ አንድ ቀን ግቡ። መድረክ የለም፣ መብራት የለም። ጥቂት ሰዎች ሜትር ይዘው ወለሉ ላይ ጎንበስ ቀና ይላሉ። ሪገር ይባላሉ፤ ሸክሙን ጣሪያ ላይ የሚሰቅሉት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ የአዳራሹን መሃል ይፈልጋሉ። ከዚያ እየለኩ በጠመኔ ክብ ይሠራሉ፤ አጠገቡ ቁጥር ይጽፋሉ። እዚህ ግማሽ ቶን፣ እዚያ አንድ ቶን። አንዱ ጣሪያው ብረት ላይ ወጥቶ በቀበቶ ታስሮ ገመድ ይለቅቃል፤ ገመዱ የክቡ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። ሰንሰለቱ በዚያ ገመድ ተጎትቶ ይወጣል። ሞተሩ ደግሞ ተገልብጦ የራሱን ሰንሰለት እየዋጠ ወደ ላይ ይወጣል፣ መብራቱንና ስፒከሩን አንጠልጥሎ። ቀትር ላይ መሬት የነበረው ሁሉ ሰማይ ላይ ነው። ማታ 15 ሺህ ሰው ያንን ጠመኔ በጫማው ያጠፋዋል።

እኔ ኮንሰርት ስል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ጠመኔ ነው።

ቢዮንሴ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ስትዘፍን ብዙዎቻችሁ ሕፃን ነበራችሁ፤ ወይ አልተወለዳችሁም። ከአንድ ወር በፊት ለአዲሱ ሚሊኒየም ዋዜማ ብላክ አይድ ፒስ የሚባሉት የአሜሪካ ዘፋኞች መጥተው ነበር። የእሷ ግን የዓለም ዙሯ አካል ነበር። ዙሩ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2007 ቶኪዮ ላይ ጀምሮ በዲሴምበር መጨረሻ ላስ ቬጋስ ላይ አለቀ። ባንዷ በሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከበሮ መቺዋም፣ ጊታሪስቷም፣ ሳክስ የሚነፉትም። (ሴቶች ልጆች ሆይ፣ «ይሄ የወንድ ሥራ ነው» የሚላችሁን ሰው ይህን ንገሩትና ሥራችሁን ቀጥሉ።)

በዚያው ዙር፣ አዲስ አበባ ከመምጣቷ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኦርላንዶ ላይ ከደረጃ ወደቀች። የረጅም ካፖርቷ ጫፍ ተረከዟ ላይ ተጠላልፎ ነው። በፊቷ ተደፍታ ደረጃውን ወረደችው፤ ተነስታም ዘፈኑን ቀጠለች። ሰው ሁሉ የሚያወራው መነሳቷን ነው። እኔ ግን ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው የካፖርቱ ጫፍ ላይ ነው። የካፖርት ርዝመት፣ የተረከዝ ቁመት፣ የደረጃ ስፋት፤ ሦስቱም በሜትር የሚለኩ ነገሮች ናቸው። ዘፋኝ በሙሉ ልብስና በሙሉ ጫማ ልምምድ ታድርግ ስንል «አካበዳችሁ» የሚለን ሰው አይጠፋም። አናካብድም።

ወደ እኛ አገር የሚመጣ ቡድን ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። ከባሕር ዳርቻ መጥቶ እየጨፈረ የሚዘፍን ሰው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ትንፋሹን ይፈልገዋል። ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ጄኔሬተሩም እንደሚያለከልክ ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ናፍጣ የሚነደው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ቱርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባለት) ያለው ይሻላል፣ እሱም ግን ከፍታው ሲበዛ ይቀንሳል። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። ወጣት ነበርኩ። ጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈውን ኬቪኤ (የጉልበቱን ልክ) አየሁ፣ መብራትና ድምፁን በጭንቅላቴ ደመርኩ፣ ይበቃል አልኩ። አዘጋጁ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ። ዘፋኙ ወጣ፣ መብራቱ ሁሉ በራ፣ ቤዙ ገባ፣ ጄኔሬተሩ እህህ ብሎ ቀጥ አለ። ጨለማ። መጀመሪያ ፉጨት፣ ቀጥሎ ባዶ ሃይላንድ መጣ። አንዱ ግን ባዶ አልነበረም፤ ጆሮዬ ሥር ነው ያገኘኝ። ግማሹን መብራት ነቅለን ስንጀምር አርባ ደቂቃ አልፏል።

ድምፅም ይለካል። መብረቁን አይታችሁ ነጎድጓዱ ዘግይቶ ሲመጣ ታውቃላችሁ አይደል? ስታዲየም ውስጥ እንደዚያው ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የዘፋኙን ከንፈር ስክሪን ላይ ያያል፣ ቃሉን የሚሰማው ከሰከንድ ሲሶ በኋላ ነው። መሃል ሜዳ ላይ የሚቆሙት የስፒከር ማማዎች ለእሱ ናቸው፤ ከፊተኛው ጋር እንዲገጥሙ የእያንዳንዳቸው ድምፅ እንደ ርቀታቸው እንዲዘገይ ይደረጋል። ርቀቱን በዓይን ገምቶ የሚያስገባ ሳውንድ ማን አይቻለሁ። ቀሽም ነው። ዘፈኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ተሰማ።

ቫን ሄለን የሚባል የሮክ ባንድ ነበር። በ1980ዎቹ ውላቸው ውስጥ አንድ የሚያስቅ አንቀጽ ነበረ፤ ከመድረክ ጀርባ ኤም ኤንድ ኤም ከረሜላ ይቀመጥ፣ ቡናማዎቹ ግን አንድም ሳይቀሩ ይለቀሙ ይላል። ሰው ጥጋብ ነው አለ። ድምፃዊው ዴቪድ ሊ ሮዝ በኋላ ምክንያቱን ተናገረ። ውሉ ወፍራም ነበር፤ ስንት ሶኬት፣ ስንት አምፔር፣ ወለሉ ስንት ኪሎ ይሸከማል የሚል ሁሉ ያለበት። ሳህኑ ውስጥ ቡናማ ካየ አዘጋጁ ውሉን አላነበበም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ያስመረምራል። ኮሎራዶ ውስጥ አንድ ቦታ ክብደቱን ሳያነቡ ቀርተው መድረኩ አዲሱን ወለል እንዳሰመጠው ራሱ ተርኳል። እኔ ይሄን ስሰማ ያንን ክብደቱ የተጻፈበትን ሣጥን ነው ያስታወስኩት።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2011 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ዓመታዊ ባዛር ላይ ሹገርላንድ የሚባለው ቡድን ሊዘፍን ሰው ተሰብስቧል። ሰማዩ ጠቁሯል። ኃይለኛ ነፋስ መጣና ከመድረኩ በላይ ያለውን ጣሪያ ሕዝቡ ላይ ጣለው። 7 ሰው ሞተ። መርማሪዎች ሲያዩ የጣሪያውን መወጠሪያ ሽቦዎች ይዘው የነበሩት የኮንክሪት ብሎኮች ያን ነፋስ የሚችሉ አልነበሩም። ሕዝቡን ውጡ የሚለው ማን እንደሆነም በቅጡ የተለየ አልነበረም። ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይልቅ እንቅልፍ ይነሳኛል። ብሎክ ይመዘናል። «አቁሙ» የሚለው ሰው ግን ከሳምንት በፊት ስሙ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ዝናቡ ከመጣ በኋላ ስብሰባ የለም። በእኛ ዝግጅቶች ላይ ይሄን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ሌላው ነው የሚያየው።

«ገንዘቡስ?» ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ እድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል። አልፎ አልፎ ግን ተአምር አለ። ቴይለር ስዊፍት ከማርች 2023 እስከ ዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. 149 ኮንሰርት ባቀረበችበት ዙር ዕቃ ለሚጭኑላት የከባድ መኪና ሾፌሮች ለእያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ጉርሻ ሰጥታለች። እኔ በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ጉርሻ አንድ ጃኬት ነው። ዚፑ አይሠራም።

ያ ልጅ ትናንት ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ስክሪኑ ከሚገጣጠምባቸው ቁራጮች አንዱን እህል መሸጫ ወስዶ የጤፍ ሚዛን ላይ አስቀምጦታል። 8 ኪሎ ከግማሽ ይላል። «ጋሼ፣ 32 ቁራጭ ነው» ብሎ ጻፈ፤ «ዘጠኙን መዘንኩ፣ ባለሱቁ ሚዛኑን ፈለገው።» ኬብሉንና የሚሰቀልበትን ብረት ጨምረህ ነው ወይ አልኩት። ለትንሽ ደቂቃ ምንም አልጻፈም። ከዚያ «ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለ።